ከሸክላው ጀርባ የነበሩት መምህር

የግድግዳ ጋዜጣ የሚነበበው ቆሞ ስለሆነ ብዙ አናደክማችሁም።

እንደምታውቁት ከመካከላችን ብዙዎቻችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤት ተጋርተን የምንኖር እጩ መምህራን ነን። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ከማይቀሩት ክርክሮች አንዱ የሙዚቃ ክርክር ነው። አንዱ በ1972 የወጣውን የሙላቱ አስታጥቄን አልበም ይዞ ከዚህ በላይ ጃዝ የለም ይላል። ሌላው ደግሞ ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸውን ጌታቸው መኩሪያን አንሥቶ አልበገር ይላል። ክርክሩ ደግ ነው፤ ጆሮ ያሠለጥናል። ነገር ግን ሁላችንም የምናነሣው በሸክላው ልባስ ላይ ስሙ በጉልህ የተጻፈውን ሰው ብቻ ነው። ሙዚቀኛውን ማን አስተማረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ መምህር ሕይወት እንነግራችኋለን። እሳቸውም ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

የነርሲስን ታሪክ ለመረዳት ከአጎታቸው መነሣት ያስፈልጋል። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም ያደጉ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አገሩም አርባ ልጆች እያለ ጠራቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። እስከ ዘውዱ ፍጻሜ ድረስ የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ ኬቮርክ ናቸው።

ነርሲስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነበሩ። የተወለዱት በ1915 አይንታብ በተባለችው ከተማ ነው። ያ ዓመት በኦቶማን ግዛት አርመኖች የተፈጁበትና የተሰደዱበት ዓመት ነው። ቤተሰቡም አገሩን ለቆ ወደ ሶርያዋ ሐለብ ተሰደደ፤ ነርሲስም ሙዚቃን ይዘው ያደጉት እዚያው በስደት ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ አጎታቸው ወዳሉባት አዲስ አበባ መጡ። መጥተውም አልተመለሱም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰጡት ለዚህችው ከተማ ነው።

ሥራቸው ምን ነበር ቢባል፣ በአንድ ቃል ማስተማር ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የሙዚቃ ጓድ መሩ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲከፈት የሙዚቃ ክፍሉን በመጀመሪያ የያዙት ኦስትሪያዊ ነበሩ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ኃላፊነቱ ወደ ነርሲስ ዞረ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ እኛ ማታ ማታ የምንከራከርለት ጌታቸው መኩሪያ ሙያውን የጀመረው በ1949 በዚያው በማዘጋጃ ቤት ጓድ ነው፤ ኋላም በዚያው ቴአትር ቤት ተጫውቷል። ሁለቱም ቤቶች ነርሲስ የደከሙባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ፍሬ ነገር እንግባ። አንድን ዜማ ለትልቅ የሙዚቃ ጓድ ማዘጋጀት ማለት ምን ማለት ነው? በባህላችን ድምፃዊውና መሰንቆው አንዱን ዜማ ይዘው አብረው ይጓዛሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶቻችን የቆሙት በአምስት አምስት ድምፅ ነው። የፈረንጁ ሙዚቃ ግን በሰባት ድምፅ ይሄድና ሦስት አራት ድምፅ ባንድ ላይ እየደራረበ ዜማውን ያጅባል። ያንን አጀብ እንዳለ አንሥተው ትዝታ ላይ ቢጭኑት የትዝታ ወዙ ይጠፋል፤ ትዝታ መሆኑም ይቀራል። አጀቡን ጨርሶ ቢተዉት ደግሞ ያ ሁሉ ትራምፔት፣ ሳክስፎንና ትሮምቦን አንድ ዓይነት ነገር እየነፋ ይቆማል።

የነርሲስ ችሎታ እዚህ ላይ ነው። ለትራምፔቱ የራሱን፣ ለሳክስፎኑ የራሱን፣ ለትሮምቦኑም የራሱን መንገድ በኖታ እየጻፉ፣ ቅኝቱ ሳይሰበር ሁሉም እንዲገናኙ ያደርጉ ነበር። የጃዝና የላቲን አሜሪካ ምት የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ያንንም ጨመሩበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ጆሮ ብቻ የነበረው ልጅ ወረቀት አንብቦ ከሃያ ሰው ጋር እኩል መነሣትና እኩል ማረፍን ተማረ።

ይህ የመምህር ሥራ ነው፤ ስለዚህም አይታይም። በ1969 አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥራውን ሲጀምርና የአዲስ አበባ ዘፈን በየሙዚቃ ቤቱ ሲሸጥ በልባሱ ላይ የወጣው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ነው። ደግሞም መውጣት ይገባዋል፤ ደክሞበታል። በነርሲስ ስም ታትሞ የወጣ ሸክላ ግን እምብዛም አልነበረም። የሳቸው ሥራ የቀረው በኖታ ወረቀት ላይና በተማሪዎቻቸው ጣትና ትንፋሽ ውስጥ ነው። በ1977 አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ታዲያ ተረስተው ቀሩ? አልቀሩም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ አልበም ማሳተም ሲጀምር ዓለም የዚያን ዘመን ዘፈን ሰማ። በ2004 ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የአሜሪካ የጃዝ ጓድ አዲስ አበባ መጥቶ የእኛኑ ዘፈኖች ተጫወተ። ይኸው ጓድ የነርሲስን ቅንብሮች ከወረቀት አንሥቶ እንደገና ለጆሮ አበቃቸው። መምህሩ ካረፉ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

ወገኖቻችን፣ ይህን የጻፍነው ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። ከመካከላችን መምህርነት ስም የሌለው ሙያ ነው እያሉ ሥልጠናውን ለማቋረጥ የሚያስቡ ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን። ደመወዙ ትንሽ ነው ሲሉ አንከራከራቸውም፤ የቤት ኪራዩን አብረን ነው የምንከፍለው። ስም የለውም የሚሉትን ግን አንቀበልም። ስም አለው፤ የሚጻፈው ግን በልባሱ ላይ ሳይሆን በተማሪው ሥራ ውስጥ ነው። ለማንበብም ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚያው አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከእንግዲህ ስለ አንድ አልበም ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብላችሁ ስትከራከሩ፣ ማን ዘፈነው ከሚለው ቀጥላችሁ ማን አቀናበረው፣ ማንስ አስተማራቸው ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ክርክሩን በዚህ መንገድ ጀምረናል። የሚያሸንፍ ገና አልተገኘም፤ የምናዳምጠው ግን በዝቷል።