ካሣ ስለ ምን ቴዎድሮስ ተባሉ?

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያልሰማ ከመካከላችሁ እንደማይኖር ዐውቃለሁ። መድፋቸውንና የመቅደላ ሞታቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማረው ኖረናል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት ቃል ስለሚታለፈው ነገር፥ ይኸውም ስለ ስማቸው ለመጻፍ አስቤአለሁ። ሲወለዱ ካሣ ነበሩ፤ ሲነግሡ ቴዎድሮስ ሆኑ። በኔ አስተያየት የሕይወታቸው ታሪክ የተንጠለጠለው በዚህ ለውጥ ላይ ነው።

ካሣ ኃይሉ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ልጃቸውን ሳያሳድጉ ስለ ሞቱ፥ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግረው ቀሩ። በዚህም የተነሣ ኋላ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። (በዚያ ዘመን ጥሬ ሥጋ የሚበላ መኰንን ሁሉ ኮሶ ጠጪ ስለ ነበረ፥ ስድቡ ለተሳዳቢዎቹም ብዙ ክብር የሚሰጥ አይመስለኝም።) ካሣ በገዳም ተቀምጠው ሲማሩ ገዳሙ በጦር ሰዎች ተወረረ፤ በብላቴኖቹም ላይ ብዙ ግፍ ተሠራ። እሳቸው ግን አምልጠው ከዘመዳቸው ከደጃዝማች ክንፉ ዘንድ አደጉ።

በዚያን ዘመን በአገራችን ንጉሥ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ በጐንደር ዘውድ የጫነ ንጉሥ ነበረ። ነገር ግን መሳፍንቱ ሲያሻቸው ያነግሡታል፥ ሲያሻቸው ያወርዱታል። ዘመነ መሳፍንት የተባለው ይህ ጊዜ ከ1761 ዓ.ም. እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ 86 ዓመት ያህል ቈየ። የአንዱ መስፍን ወታደር የሌላውን ገበሬ ጐተራ ይገለብጣል፤ እርሱ ሲሸነፍ ደግሞ ሌላው መጥቶ ያንኑ ይሠራል። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን መጨረሻ ላይ ይኖር የነበረ አንድ ጐልማሳ ገበሬ በአንድ ንጉሥ ሥር በሰላም የምትተዳደር አገር በዓይኑ አላየም። አባቱም አላየም። ታዲያ ሰው እርሱም አባቱም ያላዩትን ነገር እንዴት አድርጎ ሊመኝ ይችላል?

መልሱ የሚገኘው ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ይህ መጽሐፍ ከብዙ ግፍ፥ ረኀብና ጦርነት በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ፥ በርሱም ዘመን ፍርድ እንደሚቀናና ምድር እንደምትጠግብ ይናገራል። ካህናቱ አነበቡት፤ ፊደል የማያውቀው ገበሬም ከካህናቱ አፍ ሰማው። እንግዲህ ያች አገር በምድር ላይ ባትኖርም በሰው ልብ ውስጥ ትኖር ነበር፤ የንጉሧም ስም አስቀድሞ ታውቆ ነበር። የጐደለው ሰውየው ብቻ ነው።

ካሣ በቋራ በረሓ ሸፍተው ቈይተው፥ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን አገቡ። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው በመድፍ ተሸነፉ፤ የመድፍ ፍቅራቸው ከዚያ ቀን የጀመረ ይመስለኛል። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፥ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አማታቸውን ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ማረኩ። ደጃዝማች ውቤ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሳምረው ያሠሩት ሊነግሡበት እንደ ነበረ ይነገራል። ድሉ በተገኘ በሁለተኛው ቀን በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቡነ ሰላማ ቀብተው ያነገሡት ካሣን ሆነ፤ ስመ መንግሥታቸውም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ።

በክርክር ክበባችን ይህ ነገር በተነሣ ጊዜ፥ ካሣ ያሸነፉት በጠመንጃ ነው፤ ስሙ ግን ያልተማረውን ሕዝብ ማታለያ ነው ያሉ ጓደኞች ነበሩ። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ጠመንጃማ ከደጃዝማች ውቤ የበለጠ ማን ነበረው? የሠራዊት ብዛትስ ከራስ ዓሊ ዘንድ መች ጠፋ? እነዚህ ታላላቅ መኳንንት ሁሉ ኃይል ነበራቸው፤ ነገር ግን ገበሬው ሲጠብቀው የኖረውን ስም ይዞ የመጣ ከነርሱ አንድ እንኳ አልነበረም። ደግሞም ሰውን ለማታለል ስም የተዋሰ ሰው ዙፋኑ ላይ ከወጣ በኋላ ያርፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን አላረፉም። ወታደር በደመወዝ እንዲኖር እንጂ ገበሬውን እንዳይበላ ለማድረግ ሞከሩ፤ የባሪያ ንግድን ከለከሉ፤ በአማርኛ አጻፉ፤ አልፎም ኢየሩሳሌምን ነፃ አወጣለሁ እስከ ማለት ደረሱ። ይህ የመጨረሻው ለሰሚው ሳቅ ሊያመጣ ይችላል። ቢሆንም በስሙ ከሁሉ አብልጠው ያመኑት እሳቸው ራሳቸው እንደ ነበሩ ያሳያል።

ይህን ነገር አጥብቄ የምከራከርበት ምክንያት አለኝ። እኔና የክፍል ጓደኞቼ በሚመጣው ዓመት ትምህርታችንን እንጨርሳለን። ሐኪም እሆናለሁ የሚል ልጅ ገና ምንም ሳይሆን ራሱን ነጭ ካባ ለብሶ እያየ ነው ሌሊት የሚያጠናው። ወላጆቻችንም ደብተር የሚገዙልን ያላዩትን ቀን አምነው ነው። ይህ ማታለል ከተባለ በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ያልተታለለ ሰው አይገኝም። በክፍላችን ብቻ ቴዎድሮስ የሚባሉ ሦስት ልጆች መኖራቸውንም አትርሱ፤ ምንም እንኳ ከሦስቱ አንዱ እስካሁን ትምህርት ቤት በሰዓቱ ደርሶ ባያውቅ!

ንጉሠ ነገሥቱ የተሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። ለጦሩ ደመወዝ ገንዘብ ስላስፈለጋቸው፥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፤ የቀረው መሬት ግብር ይክፈል አሉ። አሳቡ በሒሳብ ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ትንቢቱን ለገበሬው ያነበቡለት እነዚያው ካህናት ነበሩ። የካህናቱ ልብ ሲርቅ የሕዝቡም ልብ አብሮ ራቀ። በየአውራጃው ሽፍታ ተነሣ። ንጉሡም ሽፍታውን የሚቀጡት እያደር በሚብስ ጭካኔ ሆነ፤ ቀብተው ያነገሧቸውን አቡነ ሰላማን በመቅደላ አሰሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናትዋ አቃጠሉ። ስለ ጐንደር መቃጠል ሰበብ የሚያበጁላቸውን ሰዎች እኔ አልቀበላቸውም። ፍርድ ይቀናበታል የተባለው ዘመን ይህ ከሆነ፥ ገበሬው ከዚህ ወዲያ ምን ይጠብቅ?

ሕዝቡ ማመኑን ሲተው እሳቸው እምነታቸውን ሁሉ በብረት ላይ ጣሉት። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀመጡትን የአውሮጳ ሚሲዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም አልለቀቋቸውም። መጀመሪያ አልሆነም፤ ኋላ ግን ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ነው፤ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ መንገድ በሌለበት ተራራ መንገድ እየሠሩ፥ በሰው ጉልበት እያስጐተቱ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ያን ጊዜ ግን ከሠራዊታቸው የቀረው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው።

የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፤ በዚህም ምክንያት ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ የሚያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ተዋግተው ተሸነፉ። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግሥት፥ ያችው ንግሥት በሰጠቻቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች ከመቅደላ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ታቦታት ጭነው ሄዱ። ሴባስቶፖልን ግን አልወሰዱትም፤ እዚያው አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞአል።

በዚያ አምባ ላይ ካደጉት የሸዋ ምርኮኞች አንዱ ከንጉሡ ሞት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ አገሩ ገብቶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በልጅነቱ ከሸዋ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳድገውታል፤ ልጃቸውንም ድረውለታል። የርሱም ስም እንዲሁ ከጥንት ታሪክ፥ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ የተወሰደ ነበር። በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ሲነግሥ እንደ ካሣ ስሙን መለወጥ አላስፈለገውም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ተባለ።