ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንና የበረራ ሰዓት መዝገብ

የሌላው ሰው የሥራ ዘመን በዓመት ሲቈጠር የአይሮፕላን ነጂ ግን በሰዓት ይቈጠራል። ነጂ ሁሉ የበረራ መዝገብ አለው። በበረረ ቍጥር ቀኑን፣ የተነሣበትንና ያረፈበትን ስፍራ፣ የአይሮፕላኑን ዓይነትና መለያ ምልክት፣ የፈጀውንም ጊዜ ይጽፍበታል። ጊዜው የሚታሰበው በአየር ላይ የዋለው ብቻ አይደለም፤ አይሮፕላኑ ለመብረር ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ አርፎ እስኪቆም ድረስ ነው።

ድምሩ አንድ ሲሆን ክፍሉ ብዙ ነው። ቀን የተበረረው ከሌሊቱ፣ ባለ አንድ ሞተሩ ከባለ ብዙ ሞተሩ፣ ከአስተማሪ ጋር የተበረረው ብቻ ከተበረረው፣ በአለቃነት የተነዳው በረዳትነት ከተነዳው ተለይቶ በየዓምዱ ይገባል። አንዲቱ ሰዓት በቀንም፣ በባለ አንድ ሞተርም፣ በአለቃነትም ዓምድ ልትጻፍ ትችላለች፤ በጠቅላላው ድምር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ትቈጠራለች። በባለ አንድ ሞተር ሺህ ሰዓት የበረረ ሰው በባለ ሁለት ሞተሩ ዓምድ አንዲት ሰዓት እንኳ ላይኖረው ይችላል። ትልልቆቹ አይሮፕላኖችማ ለየዓይነታቸው የተለየ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እንግዲህ ይህን ሥርዐት ይዘን የአገራችንን አየር ኃይል በክፉ ቀን የመራውን የጥቁር አሜሪካዊውን የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ሕይወት እንመልከት።

ሮቢንሰን በእኛ አቈጣጠር በ1890ዎቹ በፍሎሪዳ ተወልዶ ያደገው በሚሲሲፒ ክፍለ አገር በገልፍፖርት ከተማ ነው። ከታስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተምሮ ወጣ። ከዚያም በቺካጎ ወደሚገኘው የኩርቲስ ራይት የአይሮፕላን ትምህርት ቤት ለመግባት ቢያመለክት ጥቁር በመሆኑ አልተቀበሉትም። እንግዲህ ፈቃድ ለማግኘት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሰዓት ለማግኘት ደግሞ ከአይሮፕላኑ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ለሮቢንሰን በሩ የተዘጋው ገና ከመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነበረ።

እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረና መጥረጊያውን ይዞ ትምህርቱን ያዳምጥ ጀመር። ከወዳጁ ከኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ጋር ማኅበር መሥርቶ የሰማውን ያካፍላቸው ነበረ። በመጨረሻም ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ተቀበላቸው፤ በ1923 ዓ.ም. ገደማ ከጨረሱ በኋላም እዚያው ለጥቁር ተማሪዎች አስተማሪዎች ሆኑ። ሮቢንሰን በ1926 ዓ.ም. ወደ ታስኪጊ በርሮ ሄዶ ትምህርት ቤቱ የአይሮፕላን ትምህርት እንዲከፍት መክሮ ነበረ።

በዚያ ወራት በአሜሪካ ሕክምና ይማር የነበረው መላኩ በያን አገሩን የሚረዳ ነጂ ይፈልግ ነበረና ሮቢንሰን ጥሪውን ተቀብሎ በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጥቂት ቆይቶም በኮሎኔልነት ማዕርግ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። የተረከባቸው አይሮፕላኖች ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም ያረጁና ለውጊያ የማይበቁ ነበሩ፤ ዓይነታቸው ግን የተደበላለቀ ነበረ። ፈረንሳዊው ፖቴዝ 25 ሁለት ክንፍ የተደራረበለት፣ ነጂው በነፋስ የሚመታበት ነው። ጀርመናዊው ዩንከርስ ደግሞ ባለ አንድ ክንፍ፣ ሁለንተናው ብረት ነው። ሁለቱም ባለ አንድ ሞተር ስለሆኑ በሞተሩ ዓምድ ወንድማማች ናቸው፤ በዓይነቱ ዓምድ ግን ባዕዳን። የአንዱን ጠባይ ያወቀ የሌላውን አወቀ አይባልም። በዚያ ላይ የአገራችን ደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመነሣትም ረዥም ሜዳ ያስፈልጋል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ዐድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሮቢንሰን መልእክት ይዞ ሄዶ በዚያው ነበረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ጠላት ሰማዩን ሞልቶት ሳለ መልእክትና መድኀኒት በአዲስ አበባና በሰሜን ጦር ግንባር መካከል ሲያመላልስ ቆየ። መዝገብ ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት፣ በምን ኀላፊነት ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ መትረየስ በሌለው አይሮፕላን በጠላት ሰማይ ለበረረ ሰው የተለየ ዓምድ የለውም። እንዲህ ያለው ነገር ቢጻፍ የሚጻፈው ከዳር ባለችው ጠባብ የማስታወሻ ዓምድ ነው።

በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት ወደ አሜሪካ ሲመለስ የቺካጎ ጥቁር ሕዝብ በብዙ ሺህ ወጥቶ ተቀበለው፤ እርሱም በዚያው የአይሮፕላን ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1936 ዓ.ም. እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ወጣቶቻችንን ማሠልጠን ጀመረ። በ1939 ዓ.ም. ግን አየር ኃይሉን ይመራ ከነበረው ከስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ፤ አገሩን ግን አልለቀቀም። መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ለሕሙም የሚሆን ደም ለማድረስ በትንሽ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ሲበር አዲስ አበባ ላይ ተከሰከሰ፤ በመጋቢት 18 ቀንም ዐረፈ። መቃብሩም በዚሁ በአዲስ አበባ ነው።

ከመዝገቡ ሕግ አንዱ እንዲህ ይላል፤ አስተማሪና ተማሪ አብረው የበረሩባት ሰዓት በሁለት መዝገብ ትጻፋለች፣ በአስተማሪው በአለቃነት፣ በተማሪው ከአስተማሪ ጋር በተበረረው ዓምድ። ስለዚህ የሮቢንሰን ሰዓት ከእርሱ ጋር አልተቀበረም፤ በቺካጎም በአዲስ አበባም ባስተማራቸው ሰዎች መዝገብ ውስጥ የመጀመሪያው መሥመር ሆኖ ቀርቷል። እኛም ስማችን በመዝገብ ገብቶልን፣ ወንበር ተሰጥቶን የምንማር ተማሪዎች፣ ስሙ ሳይመዘገብ መጥረጊያ ይዞ የተማረውን ሰው ልናስታውሰው ይገባናል። የተማርናትን ሰዓት በሌላ ሰው መዝገብ ላይ እስካላስጻፍናት ድረስ ቍጥሯ ግማሽ ነው።