ከቆረም ሜዳ እስከ ጎዴ፦ የአብራሪው ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ሕይወትና የበረራ ደኅንነት

ከቆቦ ተነስቶ በዋጃና በአላማጣ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ ሞቃታማውን የራያ ሜዳ አቋርጦ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ሲጨርስ ቆረም ይደርሳል። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,470 ሜትር ገደማ፣ ቆረም ደግሞ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በ1928 ዓ.ም. በቆረም ሜዳ ያረፈ አንድ የቀይ መስቀል አውሮፕላን የገጠመው ዕጣ ለዛሬው የበረራ ደኅንነት ሥራም ትምህርት የሚሰጥ ነው። አብራሪው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነበሩ።

ቮን ሮዘን ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው አብራሪነትን ተምረው በአየር ላይ ትርኢት ታወቁ። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ግን ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር ወደ አገራችን መጥተው በአምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪነት አገለገሉ።

በዚያ ጦርነት የቀይ መስቀል ምልክት ከለላ እንደማይሆን አስቀድሞ ታይቷል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን የሕክምና ጓድ፣ የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆረም አካባቢ የብሪታንያ የሕክምና ጓድ በቦምብ ተደብድበዋል። ቮን ሮዘን ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ከዶክተር ማርሴል ጁኖ ጋር ወደ ቆረም የበረሩት ከዚህ በኋላ ነው። መጋቢት 8 ቀን አውሮፕላኑ በሜዳው ላይ ቆሞ ሳለ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደብድቦ ወደመ፤ አብራሪው በሕይወት ተረፉ።

ጥፋቱ ያለ ጥርጥር የወራሪው ነው። ይሁንና ክስተቱ አንድ እውነት ያስገነዝባል። አውሮፕላን ለአደጋ የሚጋለጠው በአየር ላይ ብቻ አይደለም፤ የማረፊያው ሜዳ፣ የሚቆምበት ስፍራና የአካባቢው ሁኔታም የደኅንነቱ አካል ናቸው። ከጦርነት ውጭ እንኳ እንደ ቆረም ባለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበትና የክንፉ የማንሳት አቅም ይቀንሳል፤ ለመነሳትም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሊመዘን የሚገባው ከበረራ በፊት ነው።

ከነጻነት በኋላ ቮን ሮዘን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በቢሾፍቱ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በማደራጀትና አብራሪዎችን በማሠልጠን እስከ 1948 ዓ.ም. ሠሩ። በ1939 ዓ.ም. ሳፊር በተባለች ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ማረፍ በ31 ሰዓት ገደማ በረሩ። የነዳጅ መጠን፣ ክብደትና የአየር ጠባይ አስቀድሞ ካልተሰላ እንዲህ ያለ ጉዞ አይታሰብም።

በ1960ዎቹ በቢያፍራ፣ በኋላም በአገራችን ድርቅ በጸናበት ወቅት፣ ዝቅ ብለው በሚበሩ አውሮፕላኖች ለተራቡ ወገኖች እህል አደረሱ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ለዕርዳታ ሥራ ጎዴ ሳሉ የሶማሊያ ኃይሎች በከፈቱት ድንገተኛ ጥቃት ተገደሉ። በቆረም አውሮፕላናቸው፣ በጎዴ ደግሞ ሕይወታቸው የጠፋው በምድር ላይ ነው።

የቮን ሮዘን ዘመን የተመካው በአብራሪው ድፍረትና ብልሃት ላይ ነበር። የዛሬው አሠራር ግን ደኅንነትን ለአንድ ሰው ጀግንነት አይተውም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 19ኛ አባሪ፣ የአደጋ ምንጮች ጉዳት ከማድረሳቸው በፊት እንዲለዩ፣ የመከሰት ዕድላቸውና የጉዳታቸው ክብደት እንዲመዘን፣ እርምጃውም በጊዜ እንዲወሰድ ይጠይቃል።

በዚህ ሥራ ኅብረተሰቡም ድርሻ አለው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረን የመንገደኞች አውሮፕላን አቅጣጫውን ቀይሮ አዲስ አበባ እንዲያርፍ አስገድዷል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም አንበጣ በራያ ቆቦ አርሶ አደሮች ማሳ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። መንጋውን ቀድሞ የሚያየው አርሶ አደር የሚሰጠው ጥቆማ ሰብልን ብቻ ሳይሆን በረራንም ይጠብቃል።

ስለሆነም በላሊበላ፣ በኮምቦልቻና በሌሎች ኤርፖርቶች የምትገለገሉም ሆነ በአቅራቢያቸው የምትኖሩ ዜጎች የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን።

• ከብቶችን ከማረፊያ ሜዳ አጥር ማራቅ፤
• ወፎችን የሚስብ ቆሻሻ በኤርፖርት አካባቢ አለመጣል፤
• ያለ ፈቃድ ድሮን አለማብረር፤
• ፓወር ባንክን በሚጫን ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ሻንጣ መያዝ፤
• የተቀደደ አጥር፣ በሜዳው ላይ የወደቀ ባዕድ ነገር ወይም ሌላ ሥጋት ሲያዩ በአቅራቢያ ለሚገኘው ኤርፖርት ወይም ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅ።

የጥቆማ ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን አደጋን አስቀድሞ መከላከል ነው።