ፓትሪክ ጌዲስ፦ ከተማን በበዓል ያጸዳ ምሁር

ፓትሪክ ጌዲስ እ.ኤ.አ. በ1854 በስኮትላንድ ተወለደ። ትምህርቱ ሥነ ሕይወት ሲሆን፣ ከተማንም ሕይወት እንዳለው ፍጡር ይመለከት ስለ ነበር ወደ ከተማ ፕላን ሥራ አዘነበለ።

በ1880ዎቹ ከባለቤቱ ከአና ጋር በኤዲንብራ ድሆች ተጨናንቀው በሚኖሩበት አሮጌ ሠፈር ገብቶ ተቀመጠ። ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ቀባ፣ አበባ ተከለ። በ1887 ተማሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት መኖሪያ ከፈተ፤ ኋላም ሠዓሊዎች የጋራ አዳራሹን በታሪክ ሥዕሎች እንዲያስጌጡ አደረገ። ሠፈሩን ከማፍረስ ይልቅ የግድ የሚፈርሰውን ብቻ አንስቶ የቀረውን መጠገን እምነቱ ነበር።

በ1914 የከተሞች ኤግዚቢሽኑን ወደ ሕንድ የጫነችው መርከብ በጀርመን የጦር መርከብ ተመትታ ሰጠመች። ጌዲስ ግን እንደገና አሰባስቦ አሳየ። በ1917 ልጁን በጦርነት፣ ባለቤቱንም በበሽታ አጣ። ሆኖም ሥራውን አላቋረጠም።

በዚያው ዘመን ኢንዶር የተባለችው የሕንድ ከተማ በቸነፈር ትሠቃይ ነበር። ጌዲስ የዲዋሊ በዓል ሰልፍ የሚያልፈው ይበልጥ በጸዳውና በታደሰው ሠፈር እንደሆነ አስነገረ። ሕዝቡም ተሽቀዳድሞ ቆሻሻውን ጠረገ፣ ቤቱን ጠገነ። በሰልፉ ላይ የቆሻሻ ግዙፍ ጭራቅና የቸነፈር አይጥ በምስል ተሠርተው ታዩ፤ በፍጻሜውም በእሳት ጋዩ። ቅጣትና ማስታወቂያ ያልቻሉትን ባህልና ጥበብ ሠሩት።

በ1925 የቴል አቪቭን ፕላን ያዘጋጀው ጌዲስ፣ በ1932 በፈረንሳይ አገር ሞንፔልዬ ከተማ ዐረፈ። ከሕይወቱ የምንማረው፣ ፕላን በወረቀት ቢነደፍም ከተማን የሚያድሰው ነዋሪው ራሱ መሆኑን ነው።