ጃዕፈር በነጃሺ ችሎት

የታላላቅ ችሎቶች ነገር ሲነሳ የተማረው ወገናችን ቶሎ የሚጠቅሰው የአቴናውን ሶቅራጥስን ነው። ሽማግሌው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በከተማው ዳኞች ፊት ራሱን ተከላክሎ መርዝ እንዲጠጣ መፈረዱን ዩኒቨርሲቲ የረገጥን ሁሉ ተምረናል። በገዛ አገራችን የተካሄደውን ክርክር ግን ስንቶቻችን በቅጡ እናውቀዋለን?

እ.ኤ.አ. በ615 ግድም ነው። የመካን ግፍ ሸሽተው ሐበሻ የገቡ ሙስሊሞችን ለማስመለስ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ላኩ። መልእክተኞቹ ብልጦች ነበሩ። ንጉሡን ከማየታቸው አስቀድመው ለጳጳሳቱ የቆዳ ስጦታ አደሉ፤ ስደተኞቹ ቃላቸው ሳይሰማ ተላልፈው እንዲሰጡ እንዲመክሩላቸው ነው። ጳጳሳቱም መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጡ፤ የተጠጓቸውን ሰዎች ሳይሰሙ ላይሰጡ ማሉ።

ለስደተኞቹ የቆመው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአጎት ልጅ፣ የዐሊይ ታላቅ ወንድም ወጣቱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ነበር። ምሕረት አልለመነም። ነገሩን ከራሳቸው ነውር ጀመረ፤ ጣዖት ማምለካቸውን፣ በክት መብላታቸውን፣ ብርቱው ደካማውን መዋጡን ሳይደብቅ ተናገረ። ከዚያ ነቢዩ ያስተማሩትን ዘርዝሮ ከሱረቱ መርየም ቀራ። ንጉሡ ጺማቸው እስኪርስ አለቀሱ።

ዐምር ግን አልተኛም። በማግስቱ ተመልሶ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ ሲል ከሰሰ። ታሪኩን ያስተላለፉልን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንደሚነግሩን እንዲህ ያለ ጭንቅ ገጥሟቸው አያውቅም ነበር። በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ቃሉን ማለሳለስ ማንንም የሚፈትን ነገር ነው። ጃዕፈር አላለሳለሰም፤ ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሊቱ መርየም የተጣለ ቃሉ መሆናቸውን ተናገረ። ባለሟሎቹ አጉረመረሙ። ነጃሺ ግን ከመሬት ትንሽ እንጨት አንስተው ልዩነቱ የዚህን ያህል እንኳ እንደማይሆን መሰከሩ፤ ስጦታውም ለባለቤቶቹ ተመለሰ።

ጎንደር አዲስ ዓለም ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ሌላ ስሜት አለው። እ.ኤ.አ. በ1668 የቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ሲወስን የነጃሺ ፍርድ ከተሰጠ ሺህ ዓመት አልፎት ነበር።

ጃዕፈር በአገራችን ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ፤ ከባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ ልጆች ያፈራውም እዚሁ ነው። በ628 ነቢዩን ኸይበር ላይ አገኛቸው። በዓመቱ በሙእታ ጦርነት ዘይድ ሲወድቅ ባንዲራውን ተረከበ። ቀኝ እጁ ሲቆረጥ በግራው ያዘው፤ ግራውም ሲቆረጥ በክንዶቹ አቅፎት እንደቆመ ተገደለ።