የበሽታን ስም በሥርዓት ያስመዘገበ ሰው፤ ዶክተር ዣክ ቤርቲዮን

ስሙ ተለይቶ ያልተጻፈና ያልተቈጠረ በሽታ ሐኪምም መድኃኒትም ሳይመደብለት ይቀራል። ይህን አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ዶክተር ዣክ ቤርቲዮን ነው።

ቤርቲዮን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ቍጥርን የሚወድ ነበር። የእናቱ አባት አሺል ጊያር የሕዝብን ብዛትና ኑሮ የሚመረምረውን ዕውቀት ዴሞግራፊ ብሎ የሰየመ ሲሆን፣ አባቱ ሉዊ አዶልፍም ሐኪምና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። ዣክ ሕክምና ከተማረ በኋላ በ1883 የአባቱን ቦታ ተረክቦ የፓሪስ ከተማ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኀላፊ ሆነ።

በዚያ ዘመን አንዱ አገር የበሽታን ስም በአንድ መንገድ፣ ሌላውም በሌላ መንገድ ይጽፍ ስለ ነበር መዝገቦችን ማስተያየት አስቸጋሪ ነበር። ቤርቲዮን የእንግሊዛዊውን የዊልያም ፋርን ሐሳብ መሠረት በማድረግ፣ መላ ሰውነትን የሚያጠቁትን በሽታዎች በአንድ የሰውነት ክፍል ከሚወሰኑት ለይቶ 161 አርእስት ያሉት የሞት ምክንያቶች ዝርዝር አዘጋጀ። ዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ1893 በቺካጎ ተቀበለው። በ1900 የ26 አገሮች መልእክተኞች በፓሪስ ተሰብስበው ዝርዝሩን አረሙ፤ በየ10 ዓመቱም እንዲታረም ተስማሙ። ቤርቲዮን በ1922 ዐረፈ።

ነገር ግን የማይገድል ሆኖ ኑሮን የሚያጨልም በሽታ አለ። ወደ ውስጥ የሚታጠፍ የዐይን ቆብ አንዱ ነው። በአገራችን ይህን ሕመም በብዛት የሚያመጣው ትራኮማ የሚተወው ጠባሳ ነው። ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል። ብዙ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ነገር ግን ተመልሶ ይበቅላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 ባወጣው 6ኛ እርማት ሕመምንና ጕዳትን ከሞት ምክንያት ጋር በአንድ ዝርዝር በማጠቃለሉ፣ እንዲህ ያለው ሕመምም የሚገባውን ስፍራ አገኘ።

መርማሪው የቆቡ ጠርዝ መታጠፉንና ፀጉሩ ብሌኑን መንካቱን ያያል፤ የላይኛውን ቆብ ገልብጦም ጠባሳ ይፈልጋል። ሽማግሎች ላይ ግን የታችኛው ቆብ በእርጅና ላልቶ ሊታጠፍ ይችላል። በ10ኛው እርማት የሕመሙ መለያ ኤች 02.0 ነው፤ ምክንያቱ የትራኮማ ጠባሳ ከሆነ ቢ 94.0 ይጨመራል። ኤች 02.0 የቆቡን መታጠፍና የፀጉሩን ወደ ውስጥ መዞር አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ሐኪሙ የትኛው እንደ ሆነ፣ የትኛው ዐይንና የትኛው ቆብ እንደ ታመመ በቃል መጻፍ አለበት።

መዝገቡ ላይ የዐይን ሕመም ተብሎ በደፈናው ከተጻፈ፣ የቆብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ሴት ጠብታ ከሚበቃው በሽተኛ ጋር ተደባልቃ ትቀራለች፤ ለወረዳዋም ቀዶ ሐኪም የሚጠይቅ አይኖርም። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምንይዝ ወጣቶች ከቤርቲዮን ሕይወት የምንማረው፣ በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ መስመር የሰውን ብርሃን ሊያተርፍ እንደሚችል ነው።