ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፦ በመከራ ዘመን ማኅበር የመሠረተች እናት

ዳባት ለቲቲፒ የወጣችሁ ብርዱን መቼም አትረሱትም። ጠዋት ጠዋት ጋዎን ላይ ጋቢ ደርበን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቧሂት የሚገኝበት የስሜን ተራራም ከዚያ ሩቅ አይደለም። እኔ ወደዚያ አገር ሐኪም ሆኜ የተመለስኩት በክፉ ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ብዙ ሰው አፈናቅሎ ደባርቅና ዳባት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲያስጠልል፣ ለሕክምና እርዳታ ከሄድነው አንዷ ነበርኩ። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ከቆላው በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት የደም ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ አገኘሁት። መድኃኒቱን ጠዋት ዋጡ ብላቸው ጾም መሆኑን ነገሩኝና ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ካልሆነ አሉኝ። ቤታቸውንና ከብታቸውን ጥለው ነው የመጡት፤ የልጃቸውንም ወሬ አያውቁም። ጾሙን ግን አልጣሉትም።

ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ወደ ጎንደር ስመለስ ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ መጣ። መከራ እምነትን ያጠነክራል ሲባል ከልጅነቴ እሰማለሁ። በሥራዬ ግን መከራ የሰበረውን ሰውም ብዙ አይቻለሁ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? መልስ ፍለጋ የሄድኩት በዚያው ቆላ ወደ ኖረች፣ ገድሏን ብዙዎቻችሁ ወደምታውቁት ወደ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከትልቅ ባላባት ቤት ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። በወጣትነቷ የተዳረችው ለመልክአ ክርስቶስ ሲሆን፣ እሱም ከአፄ ሱስንዮስ ከፍተኛ ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ገድሏ ይህን በጥቂት ቃል ያልፈዋል። እኔ ግን ሕፃን የሞተባትን እናት ከክፍል ሸኝቼ ስለማውቅ፣ እዚያ ገጽ ላይ ቆም ማለቴ አልቀረም።

ያ ዘመን የሃይማኖት ጠብ ዘመን ነው። አፄ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች ጋር ተወዳጅተው ወደ ካቶሊክ እምነት አዘነበሉ። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ንጉሡን ከተቃወሙት ጋር ወግነው ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ልትመነኩስ አስቀድማ ከቤት ጠፍታ ነበር፤ ባሏ ግን ያስጠጓትን ሰዎች ከተማ በወታደር አዘረፈባቸው። በእሷ ምክንያት ሕዝብ ሲጎዳ ማየት አልቻለችምና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቆይታ የጳጳሱ ልብስ ከባሏ እጅ መግባቱን ስታውቅ ግን ከእሱ ጋር መኖር አበቃላት። ምግብ እምቢ አለች፣ ከሰውነት ተራ ወጣች፤ በመጨረሻም ባሏ እያዘነ ለቀቃት። መነኮሰችም።

እዚህ ላይ እኅተ ክርስቶስን ሳላነሳ ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። እሷም ባሏንና ልጇን ትታ የመነኮሰች ሴት ነበረች። ሁለቱ ሲገናኙ ገና በመጀመሪያው ቀን እንደ ዱሮ ወዳጅ ተዋደዱ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሞት አልተለያዩም ማለት ይቻላል። በአገልጋይ እጅ ያደገችው የባላባት ልጅ እህል መፍጨት፣ ውኃ መቅዳትና እንጨት መሸከም ጀመረች።

በ1622 ንጉሡ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ፤ በ1625 ደግሞ ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከውጭ መጡ። ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ ስም በቅዳሴ እንዳይነሳ በየቦታው ታስተምር ስለነበር ተይዛ ንጉሡ ፊት ቀረበች። ሊገድሏት ነበር፤ የዘመዶቿ ምልጃ አተረፋት። ያን ጊዜ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ሆና ሸሽታ የመጣችው ወደዚህ ወደ እኛ አካባቢ ነው፤ ዋልድባ። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ አድርቃይን ለሚያልፍ ሰው ዋልድባ በስተምዕራብ በኩል የሚገኝ ሙቀቱ የበረታ ቆላ ነው። መነኮሳቱ እህል አይቀምሱም፤ ቋርፍ ነው ምግባቸው። ያለ ሎሌና ያለ አጃቢ እዚያ ከረመች። ከዚያም ወደ ጠለምት ተሻግራ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና ማስተማር ቀጠለች።

ወሬው ለንጉሡ ደረሰና እንደገና ተይዛ ተወሰደች። ሜንዴዝ በየሳምንቱ እየቀረበ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልሆነም። መጨረሻው ግዞት ሆነ፦ ዠበይ የሚባል በምዕራብ ድንበር ያለ በረሃ፣ ለሦስት ዓመት። መጀመሪያ ላይ በሰንሰለት ታስራ ነበር። ቆላ ማለት በዚያ ዘመን ወባ ማለት ነው፤ ከደጋ ለወጣ ሰው ግዞቱ በራሱ የሞት ፍርድ ነበር።

ነገር ግን ሕይወቷን የለወጠው ዠበይ ነው። መሰደዷን የሰሙ ሰዎች ከያሉበት እየተነሱ ተከተሏት። ሴትም ወንድም መጣ፤ እምነቱን ለመጠበቅ ቤቱን የተወ ሁሉ። በግዞት ያለች ሴት ማኅበር መሠረተች ስንል አባባል አይደለም፤ የመጀመሪያው ገዳሟ እስር ቤቷ ነው። ከግዞት ስትመለስ በጣና ዙሪያ ምጽሌንና ዘጌን ጨምሮ ማኅበራቱን አበዛች፤ በአጠቃላይ ሰባት ደረሱ። በአንድ ማዕድ ይበሉ፣ የሠሩትን በጋራ ያደርጉ፣ የታመመውን ያስታምሙ ነበር።

በ1632 በላስታ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ አፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ መንግሥቱንም ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ያዙ። ስደቱ ቢያበቃም ችግሩ አላበቃም። ወረርሽኝ ማኅበሯ ውስጥ ገብቶ ብዙ መነኮሳትን ፈጀ። ገድሉ ይህን ሞት እንደ ጸሎቷ ፍሬ፣ ለነፍሳቸው እንደተሰጠ ዕረፍት አድርጎ ያየዋል። እኔ ሐኪም ነኝ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልስማማም። የማየው በአንድ ቤት ተጨናንቀው የሚኖሩ ሰዎችን የመታ ተላላፊ በሽታ ነው። ሆኖም ማኅበሩ አልተበተነም።

እሷም ለሦስት ወር ያህል ታማ በኅዳር 1642 በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ማኅበሩን የተረከበችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ከ30 ዓመት በኋላ በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የሚያውቋትን ሰዎች ቃል ሰብስቦ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። በጣና ዳር ያለው የቋራጣ ገዳም ዛሬም በስሟ ይጠራል፤ ኅዳር 17 በዓሏ ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ከዚህ ሕይወት የተረዳሁት መከራ በራሱ ማንንም እንደማያጠነክር ነው። ሦስት ልጅ መቅበር፣ ሰንሰለት፣ ወባ፣ እነዚህ ሰውን ይሰብራሉ። ወለተ ጴጥሮስ ግን በደረሰባት መከራ ሁሉ ውስጥ ብቻዋን አልቀረችም፤ ሌላውንም ብቻውን አልተወችም። በዋልድባ እኅተ ክርስቶስ ነበረች፣ በዠበይ ተከትለዋት የመጡት ነበሩ። እምነቷ የበረታው በሰው መካከል ነው።

የደባርቋን እናት ነገር ደግሞ ልጨርስላችሁ። ክርክሩን ትቼ የመድኃኒቱን ሰዓት በሳቸው ቅዳሴ አስተካከልኩት። በማግስቱ ሳያቸው የታደላቸውን ዱቄት አንዲት አራስ ከሆነች የክፍል ጎረቤታቸው ጋር አብረው እየጋገሩ ነበር። አራሷን ከዚያ በፊት አያውቋትም። ግፊታቸውን ለካሁ፤ ወረድ ብሏል። እኔም ያን ቀን ከዚያ ክፍል የወጣሁት ስገባ ከነበርኩት በረታ ብዬ ነው።

ለዘንድሮው መገናኘታችን ይህን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከእኛ መካከል ባለፉት ዓመታት ሰው የቀበረ፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ አገር የለቀቀ ብዙ አለ። አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ስንነሳ አጠገባችን የቆመው ሰው ምን እንደተሸከመ ላናውቅ እንችላለን። እስቲ እንጠያየቅ።